ክሩገር ፓርክ ውስጥ ጎጆ ይዞ፣ በራስ እጅ እያበሰሉ መሰንበት

በደቡብ አፍሪካው የዱር እንስሳት ፓርክ፣ ክሩገር ውስጥ፣ ምግብ ቤት አለ። በትልልቆቹ ካምፖች ሁሉ አለ። ታዲያ ድስት፣ ሽንኩርትና በርበሬ ጭኖ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ለምን አስፈለገ? ብዙ ሰው ለቁጠባ ይመስለዋል። እርግጥ ወጪው ይቀንሳል፤ ልጆች ላሉት ቤተሰብማ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እኔን ደጋግሞ የሚመልሰኝ ግን ሰዓቱ ነው። አንበሳና ነብር በደንብ የሚታዩት ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። በዚያ ሰዓት ምግብ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የመጣበትን ነገር አጣ ማለት ነው። ምግቡ በእጃችሁ ከሆነ ሰዓቱም በእጃችሁ ነው።

ከዚህ በታች የጻፍኩት እኛ ቤት የምንከተለውን አካሄድ ነው። ኑሯችን ጆሃንስበርግ ስለሆነ መነሻውም ከዚያው ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ አገር ለጉብኝት ለሚመጣ ሰውም ከሞላ ጎደል ያው ነው። የሚለይበት ቦታ ሲደርስ እናገራለሁ።

1. መጀመሪያ ወሩን፣ ቀጥሎ ካምፑን ምረጡ

ክሩገር በደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ከሞዛምቢክ ድንበር ጋር ተያይዞ የተዘረጋ ነው። ስፋቱ ወደ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ጥበቃው በ1898 ተጀመረ፣ በ1926 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ስፋቱን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ሁሉንም በአንድ ጉዞ አያለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ይውላል እንጂ እንስሳ አያይም።

ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ደረቁ ወቅት ነው። ሣሩ ያጥራል፣ ቅጠሉ ይረግፋል። ውኃ የሚገኘው በጥቂት ቦታ ስለሆነ እንስሳቱ ወደዚያው ይሰበሰባሉ። ትንኙም ይቀንሳል። ጠዋት ጠዋት ግን ይበርዳል፤ ወፍራም ጃኬትና ለልጆች ኮፍያ ያዙ። ከኖቬምበር እስከ ማርች ዝናብ ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚነካበት ቀን አለ፣ ሣሩም አድጎ አንበሳውን ይደብቀዋል። ከባድ ዝናብ ሲጥል ኮረኮንች መንገዶችና ዝቅ ያሉ ድልድዮች ይዘጋሉ። በሌላ በኩል አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ወፉ ብዙ ነው፣ ኢምፓላ የሚባሉት ሚዳቋ መሳዮችም የሚወልዱት ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ግን ከጁን እስከ ኦገስት ሂዱ። የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚውልበትን ሳምንት ብቻ ሽሹ።

ካምፑን በተመለከተ ለመጀመሪያ ጉዞ የምመክረው አራት ሌሊት ነው። ሁለቱን ሎወር ሳቢ፣ ሁለቱን ሳታራ እደሩ። ሎወር ሳቢ ሳቢ ወንዝ ዳር ነው። ጉማሬና ዝሆን ከካምፑ ሳትወጡ ታያላችሁ። ሰንሴት ዳም የሚባለው ኩሬ ከበሩ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ አዞና ጉማሬ አይጠፋበትም። ሳታራ ደግሞ ሜዳው መሀል ነው። የሜዳ አህያውና ጎሹ ስለሚበዛ አንበሳውም ይበዛል።

ሕፃን ወይም ሕመም ያለበት ሰው ይዛችሁ ከሆነ ስኩኩዛን ምረጡ። ትልቁ ካምፕ እሱ ነው፤ ሐኪም፣ ነዳጅና ሰፊ ሱቅ አለው። ኦሊፋንትስ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ወንዙን ቁልቁል ያያል፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ መዋል ለሚወድ ሰው ከሱ የተሻለ አላየሁም። ታላማቲና ቢያሚቲን የመሳሰሉት ትንንሽ ካምፖች ጸጥታቸው ያስቀናል፣ ነገር ግን ምግብ ቤትም የረባ ሱቅም የላቸውም። ጨው የረሳ ያለ ጨው ይበላል። እነሱን ለሁለተኛው ጉዞ አቆዩአቸው።

2. ቦታ ስትይዙ እያንዳንዱን መስመር አንብቡ

ካምፖቹን የሚያስተዳድረው ሳንፓርክስ የሚባለው የመንግሥት ተቋም ነው። ቦታ የምትይዙትም በራሱ ድረ ገጽ ወይም በስልክ ነው። መዝገቡ ከ11 ወር በፊት ይከፈታል። ወንዝ ፊት ለፊት ያሉት ጎጆዎች ቶሎ ያልቃሉ። ዘግይታችሁ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። የሚሰርዝ ሰው አይጠፋምና በየቀኑ ገብታችሁ ተመልከቱ።

አሁን ዋናው ነገር የቤቱ ዓይነት ነው። «ሃት» የሚሉት አልጋና ፍሪጅ ያለው ክፍል ሲሆን ወጥ ቤቱና መታጠቢያው የጋራ ነው። «ባንጋሎ» የራሱ ሻወር አለው። «ኮቴጅ» ሳሎንና ወጥ ቤት ያለው የቤተሰብ ቤት ነው። እግር ባለው የእንጨት ወለል ላይ የተተከለ ድንኳንም አለ፤ ወጥ ቤቱ በረንዳው ላይ ነው። ብዙዎቹ ባንጋሎዎች ክብ ሆነው፣ ጣራቸው በሣር ተከድኖ የኛን አገር ጎጆ ቁርጥ ናቸው። እናቴ መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን «ይኼን ለማየት ነው ይህን ያህል ያመጣችሁኝ?» አለች። ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ዞረችው።

ሰው የሚሸወድበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። ባንጋሎ ሁሉ ወጥ ቤት የለውም። አንዳንዱ ፍሪጅ ብቻ ነው ያለው፤ ድስትም ሳህንም ማንኪያም የለም። እኛ የመጀመሪያውን ጊዜ ዋጋውን ብቻ አይተን ያዝንና ወጡን በሻይ ማንኪያ፣ ከአንድ ድስት እየተቀባበልን በላን። ስለዚህ «ምድጃ»፣ «የማብሰያና የመመገቢያ ዕቃ» የሚሉት ተጽፈው እንደሆነ ፈልጉ። አልጋ ልብስ፣ ፎጣና ሳሙና ግን በሁሉም አለ። ከደጁም የብራይ መጥበሻ፣ ማለትም የከሰል እሳት የሚነድበት ፍርግርግ ያለው ምድጃ ይኖራል።

3. ወረቀቱና ወባው

ከማደሪያው ሌላ በየቀኑ የሚከፈል የመግቢያ ክፍያ አለ። ከውጭ አገር የሚመጣ ጎብኚ ከዜጋውና ከቋሚ ነዋሪው አራት እጥፍ ገደማ ይከፍላል። ስለዚህ የነዋሪነት መታወቂያ ያለው ሰው ዋናውን ይዞ ይሂድ፤ በር ላይ ይጠየቃል። ፓስፖርትም እንዲሁ። ቦታ የያዛችሁበትን ወረቀት አትሙት፣ ኔትወርክ ሁሉም ቦታ አይደርስም። ከኢትዮጵያ የምትመጡ ደግሞ የሶኬት ማቀያየሪያ አትርሱ። የደቡብ አፍሪካው ሶኬት ሦስት ወፋፍራም ክብ ቀዳዳ ያለው ነው፤ የኛ ቻርጀር አይገባበትም።

ክሩገር የወባ አገር ነው። ጆሃንስበርግም አዲስ አበባም ወባ የለባቸውም፤ እዚያ ለኖረ ሰው ሰውነቱ መከላከያ የለውም። ልጅ እያለሁ ቆላ ወርጄ አውቃለሁ ማለት አይሠራም። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክራችሁ የመከላከያ መድኃኒት ውሰዱ። ዶክሲሳይክሊን ከተሰጣችሁ ከተመለሳችሁ በኋላም አራት ሳምንት ይዋጣል። ብዙ ሰው ቤት ሲገባ ያቆመዋል፤ አደገኛው ስህተት ይህ ነው። እሱ ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፤ ሌላ ዓይነት አለ። እርጉዝ ሴትና ጨቅላ ሕፃን ግን ጉዞውን ቢያቆዩት ይሻላል። ማታ ረጅም እጀታ፣ ሱሪ፣ ካልሲና የትንኝ ቅባት ግዴታ ነው።

4. ወጡን ቤት ሠርታችሁ ሂዱ

ለእኔ የጉዞው ግማሽ ከመነሳታችን በፊት ባለው ሐሙስ ይሠራል። ፓርኩ ውስጥ ሽንኩርት ስታቁላሉ የምታጠፉት ሰዓት ከዝሆን ፊት የተሰረቀ ሰዓት ነው። የካምፑ ምድጃ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይን ብቻ ነው ያለው፣ ቶሎም አይግልም።

ስለዚህ ቁሌቱን ቤት ጨርሱት። ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ዘይቱን በደንብ አብስሉና ሲቀዘቅዝ ዚፕ ባለው ላስቲክ ለየቀኑ ከፋፍላችሁ ሙሉት። ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስተኙት። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ በኩለር ቦክሱ ውስጥ እንደ በረዶ ሆኖ ሌላውን ያቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ ማታ ድስት ላይ ጣል አድርጋችሁ ምስር ወይም ሥጋ ስትጨምሩበት በሃያ ደቂቃ ወጥ ነው። ሽሮማ ከዚያም ይፈጥናል።

እንጀራውን ከጄፒ እንገዛለን፤ ጆሃንስበርግ መሀል ያለው የሐበሻ ሰፈር ነው። ለሁለት ቀን የሚበቃ ብቻ ያዙ። በዚያ ሙቀት ሦስተኛው ቀን ላይ መሻገት ይጀምራል። ለቀሪው ቀን ድርቆሽ አዘጋጁ። እንጀራውን አድርቃችሁ በጨርቅ ከረጢት ያዙት፤ ቦታም አይዝም፣ አይበላሽም። ጠዋት ትንሽ ቁሌት በውኃ አሙቃችሁ ድርቆሹን ስትጨምሩበት ፍርፍር ነው። ለአራት ሰው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

ለመኪና ውስጥ ደግሞ ከበሶ የሚስተካከል የለም። ሌሎቹ ጎብኚዎች ሳንድዊች ጠቅልለው ይመጣሉ፤ ቀትር ላይ ዳቦው ይደርቃል፣ ቺዙ ይቀልጣል። በሶ ግን ሙቀት አይነካውም። እቤት በማርና በትንሽ ዘይት አሽታችሁ ክዳን ባለው ሣህን ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ያዙ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ጨምሩበት። አንድ ነብር ዛፍ ላይ ተኝቶ «መቼ ይወርድ ይሆን» እያላችሁ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። የራበው ልጅ ሁለት ሰዓት አይጠብቅም። ቆሎ የያዘ ልጅ ግን ይጠብቃል።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ደረቁ ወቅት ከሐዋርያት ጾምና ከፍልሰታ ጋር ይገጣጠማል። ፍልሰታ ኦገስት ውስጥ ነው የሚውለው። ለሚጾም ሰው ይህ ችግር ሳይሆን ምቾት ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን ፍሪጅ ሳይፈልጉ ይሰነብታሉ። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ሐላል ሥጋውን ከከተማ ገዝተው፣ አስቀዝቅዘው ይምጡ። የብራዩ ፍርግርግ ቀደም ብሎ ማን ምን እንደጠበሰበት አይታወቅም። የራሳችሁን ፍርግርግ ያዙ፤ ርካሽ ነው፣ በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል።

ከዕቃ የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦ ስለት ያለው ቢላ (የካምፑ ቢላ ቲማቲም አይቆርጥም)፣ እንጀራ የሚዘረጋበት ትሪ፣ ክብሪት፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ ፎይል፣ በእጅ የሚያዝ ባትሪ፣ ጨው፣ አምስት ሊትር ውኃ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪው ለሁለት ሰው አንድ ይሁን። ከሰልና እንጨት ከካምፑ ሱቅ ትገዛላችሁ። ፓርኩ ውስጥ የወደቀ እንጨት ማንሳት ክልክል ነው።

5. የመንገዱ ቀን

ከጆሃንስበርግ ኤን 4 መንገድን ይዛችሁ በምቦምቤላ በኩል ስትወርዱ ክሮኮዳይል ብሪጅ በር ለመድረስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የክፍያ ኬላዎች አሉበት። ጎጆው የሚሰጠው ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው። ከበሩ እስከ ሎወር ሳቢ 35 ኪሎ ሜትር ቢሆንም እየቆማችሁ ስለምትሄዱ ሁለት ሰዓት ያዙለት። ስለዚህ ከጆሃንስበርግ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ውጡ።

ስለ ሰዓት ካነሳን ይህን ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። የበሮቹ ሰዓት በየወሩ ይለያያል። ከሜይ እስከ ጁላይ የካምፑ በር በኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ይዘጋል። ሰሌዳው ላይ 6፡00፣ 17፡30 እየተባለ ነው የተጻፈው። እንግዳ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ አስረዷቸው፤ «ስድስት ሰዓት» ሲባል እኩለ ቀን የሚመስለው ሰው አለ። አርፍዶ የደረሰ ይቀጣል፤ «ዝሆን መንገድ ዘግቶብኝ» የሚለው ምክንያት በየቀኑ የሚሰሙት ነው።

ፍጥነቱ በአስፋልት 50፣ በኮረኮንች 40 ነው። በተግባር ግን በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስሉ።

6. ጎጆው ስትደርሱ መጀመሪያ ፍሪጁን እዩ

ሻንጣ ከማውረዳችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። ፍሪጁ መሥራቱን አረጋግጡ። ምድጃውን ለኩሱት። ዕቃውን ቁጠሩ። የጎደለ ካለ እንግዳ መቀበያው ሳይዘጋ ንገሩ።

ከዚያ ስለ ጦጣና ዝንጀሮ አስቡ። ካምፑ በአጥር የተከበበ ነው፤ አጥሩ ዝሆንና አንበሳን እንጂ ጦጣን አያቆምም። ፍሪጁ ብዙ ጊዜ በረንዳ ላይ ነው፣ መቀርቀሪያ ወይም የብረት መከላከያ አለው። መቀርቀሪያው የተሠራው በምክንያት ነው። አንድ ጠዋት ሳታራ ላይ ሻይ ልቀዳ ገባሁ፤ ፍሪጁን ገርበብ አድርጌ ነበር። ስመለስ አንዲት ጦጣ፣ ልጇን ሆዷ ላይ አንጠልጥላ፣ የፍሪጁን በር በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች። ዓይኔን እያየች ዕቃዎቹን በሌላ እጇ አንድ በአንድ ገለጥ ገለጥ አደረገች። ቅቤውን አሸተተችና ተወችው። የልጆቹን ሙዝ ከነላስቲኩ ይዛ ጣራው ላይ ወጣች። ላስቲኩ ነበር ያስጨነቀኝ፤ ሕፃኑ እያኘከው ነበር።

ስለዚህ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ዞር አትበሉ። መስኮት ዝጉ፤ የመኪናውንም ጭምር። ከሁሉ በላይ ደግሞ አትመግቧቸው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ሰው መናከስ ይጀምራል፤ መጨረሻው በጥይት መሞት ነው። ለልጆች ይህን በግልጽ ንገሯቸው፣ ይገባቸዋል። ሀኒ ባጀር የሚሉት ጀርባው ነጭ፣ ሆዱ ጥቁር የሆነ ትንሽ አውሬም አለ፤ ሌሊት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይገለብጣል። የተረፈ ምግብ ክዳን ባለው የካምፑ ቆሻሻ መጣያ እንጂ በረንዳ ላይ አይደር።

7. ጠዋት፦ በሩ ሲከፈት እዚያ ሁኑ

ሌሊቱን ቴርሞሱን በፈላ ውኃ ሙሉት። በጋራ ወጥ ቤቶች የፈላ ውኃ የሚቀዳበት ማሽን ስለሚኖር ማንቆርቆሪያ እስኪፈላ መጠበቅ የለም። በሶው፣ ቆሎው፣ ውኃው ማታውኑ መኪና ውስጥ ሳይሆን ጎጆው ውስጥ በሩ ሥር በከረጢት ይቀመጥ። ልጆቹን ልብሳቸውን አልብሳችሁ አስተኟቸው፤ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው። በሩ ሲከፈት አምስተኛ ስድስተኛ መኪና ሆናችሁ ውጡ። ሌሊቱን አስፋልት ላይ ተኝቶ ያደረ አንበሳ የሚገኘው በዚያች የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ነው። ከሳታራ ከወጣችሁ ኤስ 100 የሚባለውን ኮረኮንች ያዙ።

ከመኪና መውረድ ክልክል ነው፣ ከተፈቀደ ቦታ በቀር። በመስኮት ወይም በጣራ ብቅ ማለትም ክልክል ነው። አንበሳ መኪናውን እንደ አንድ ትልቅ ነገር ነው የሚያየው። የሰው ቅርጽ ብቅ ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል።

ዝሆን ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል፤ ክሩገር ውስጥ መኪና የሚገለብጥ አንበሳ ሳይሆን እሱ ነው። መንገድ ላይ ካገኛችሁት ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ሃምሳ ሜትር ቢያንስ። ግልገል ካለ ከዚያም ራቁ። በእናትና በልጅ መካከል መኪና አታስገቡ። ዓይኑና ጆሮው መሀል ካለው ቦታ ጥቁር ፈሳሽ ጉንጩ ላይ የሚወርድ፣ ሽንቱም የሚንጠባጠብ ወንድ ዝሆን ካያችሁ ኮርማነቱ የተነሳበት ሰዓት ነው። ጆሮውን ዘርግቶ ራሱን ካነቃነቀ ሞተሩን አስነስታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ጡሩምባ አትንፉ። ከኋላችሁ ያለውን መኪና በእጅ አስመልክቱት። ዝሆኑ መንገዱን እስኪለቅ ጠብቁ፤ በሶው ለዚህ ነው።

3 ሰዓት፣ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትበረታ እንስሳቱ ጥላ ይገባሉ። ያኔ ወደ ጎጆው ተመልሳችሁ ፍርፍሩን ሥሩ። ቀትሩን ተኙ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንደገና ውጡ። ሎወር ሳቢን ለቃችሁ ወደ ሳታራ በምትሄዱበት ቀን ግን ጎጆ የለም፤ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና መሀል ላይ ያለው፣ ትሾክዋኔ የሚባለው ከመኪና መውረድ የሚፈቀድበት ማረፊያ ላይ ቁርስ ብሉ። መጸዳጃና ጠረጴዛ አለ፣ የጋዝ መጥበሻም ይከራያል። ጦጣዎቹ እዚያም አሉ።

የት ምን እንደታየ ለማወቅ እንግዳ መቀበያው አጠገብ ያለውን ሰሌዳ እዩ። ካርታ ላይ በየቀለሙ ምልክት ይደረግበታል። እናንተም ያያችሁትን ለጥፉ።

8. ማታ፦ እሳቱ፣ ቡናው፣ ጅቡ

በሩ ከመዘጋቱ በፊት ግቡ፣ ከሰሉን ወዲያው አያይዙ። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ አርባ ደቂቃ ያህል ነው። በዚያ መሀል ሰው ተራ በተራ ሻወር ይወስዳል፣ ቁሌቱ ድስት ውስጥ ይቀልጣል። ሥጋው ቀድሞ በነጭ ሽንኩርት፣ በሮዝመሪና በሚጥሚጣ ታሽቶ ያደረ ከሆነ ሌላ ሥራ የለም።

ቡና ማፍላት ለምትፈልጉ፣ እባካችሁ ደጅ ይሁን። ጣራው ሣር ነው፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ፣ ዕጣን ማጨስ፣ ቡና መቁላት አይቻልም። የብራዩ ፍም ግን ለጀበና የተሠራ ነው የሚመስለው። ሥጋው ከተነሳ በኋላ ፍሙን ወደ ጎን ሰብስቡና ጀበናውን ጣዱ። እናቴ እዚያ ቡና ስትቆላ ጎረቤት ጎጆ ያሉ አፍሪካነር ባልና ሚስት ሽታው ስቧቸው መጡ። ሲኒ ሰጠቻቸው። ሦስተኛውን ሳይጠጡ አላስነሳቻቸውም።

ያን ሌሊት ጅብ መጣ። ሳታራ ላይ አጥሩን ተከትሎ ይዞራል፤ የሚጠበስ ሥጋ ሽታ ይስበዋል። በባትሪ ብናበራ ከአጥሩ ወዲያ፣ አምስት ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። ዓይኑ አረንጓዴ በራ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «በሕይወቴ ሙሉ ድምፁን ነው የምሰማው፤ መልኩን ዛሬ አየሁት» አለች። ወንድ ልጄ አጥንት ሊወረውርለት ተነሳና ከለከልኩት። ሐረር ላይ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ፤ ያ ከነልማዱ ከትውልድ የመጣ ነው። እዚህ ግን ከአጥሩ ሥር አጥንት የለመደ ጅብ ነገ አጥሩን ይቆፍራል፣ የሚገደለውም እሱ ነው።

ከመተኛታችሁ በፊት ፍሙን ውኃ አፍሱበት፣ ፍሪጁን ቀርቅሩ። ወደ ጋራ መጸዳጃ በባዶ እግር አትሂዱ፣ መሬቱን በባትሪ እያያችሁ ተራመዱ፤ ጊንጥም እባብም ይኖራል። ጎረቤት ጎህ ሳይቀድ ይነሳልና ሙዚቃ አትክፈቱ።

9. የመጨረሻው ጠዋት

ጎጆው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይለቀቃል። እኛ ያን ጠዋትም እንወጣለን፣ 3 ሰዓት ላይ ተመልሰን እንሸክፋለን። ለዚህ ማታውኑ ዕቃው ይጠብ፣ ሻንጣው ይዘጋ። ፍርግርጉን ፈትጉት፤ የተረፈ ከሰል ካለ ለሚቀጥለው ሰው ተዉለት።

ጥሬ ሥጋ ይዛችሁ ልትወጡ አታስቡ። የክሩገር ጎሾች የአፍተግር በሽታ ስለሚይዙ ሸኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳት ጥሬ ሥጋ ከፓርኩ ሲወጣ ቁጥጥር አለ። የቀረውን አብስላችሁ ጨርሱት። ከሳታራ እስከ ኦርፔን በር 48 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁለት ሰዓት ያዙለት። በር ላይ ወረቀታችሁን ይጠይቃሉ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውንም ሊያስከፍቱ ይችላሉ። ከዚያ እስከ ጆሃንስበርግ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ስለሚቀር ትንሽ በሶ አስተርፉ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ያለውን አንድ ወር ደግሞ ልብ በሉ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። መድኃኒቱን በሥርዓት የዋጠ ሰውም ሊታመም ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «ክሩገር ነበርኩ» በሉና ደማችሁ ይታይ።